ተደፍኖም የሚያፈስ ቆርቆሮ ጣሪያ

በሬንጅ የተደፈነ ቆርቆሮ በዓመቱ ክረምት መልሶ ካፈሰሰ፣ ብዙ ጊዜ የተደፈነው ሌላ ቦታ ነው። ውሃው ከገባበት ተነስቶ ሞራሌውን (የጣሪያውን እንጨት) ይዞ ከወረደ በኋላ ነው የሚንጠባጠበው። ስለዚህ ከረጠበው ኮርኒስ ከፍ ብላችሁ፣ ወደ ጣሪያው አናት ፈልጉ። ፀሐይ ሞቅ ባለበት ሰዓት ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ገብታችሁ መብራቱን አጥፉ፤ ቀዳዳው እንደ ኮከብ ያበራል። ቀጭን ሽቦ አሾልኩበት፣ ከላይ ስትወጡ ቦታውን ያሳያችኋል።

ዋናው ጠንቅ ሚስማሩ ነው። ቆርቆሮው ቀን በሙቀት እየተለጠጠ፣ ሌሊት እየተኮማተረ ሚስማሩን ያላላዋል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። በመዶሻ መልሶ መምታት ብዙ አይቆይም። ነቅላችሁ ከሚስማሩ ወፈር ያለ፣ ጎማ ያለው የቆርቆሮ ብሎን እሰሩበት። ጎማው ትንሽ ጨፍለቅ ሲል አቁሙ፤ ከዚያ ካለፈ ይሰነጠቃል። ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ የተመታ ሚስማር ካለ ቀዳዳውን በሲሊኮን ደፍናችሁ ብሎኑን ጉብታው ላይ እሰሩ።

ሲሊኮን ከመቀባታችሁ በፊት ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቁ፣ አቧራውን ጥረጉ፤ አለዚያ እንደ ልጣጭ ይነሳል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን አትግዙ፣ የቆርቆሮውን ዚንክ ይበላል። ጣሪያው በደረቀበት ቀን ብቻ ውጡ፤ የምትረግጡት ደግሞ ከሥሩ እንጨት ያለበትን የሚስማሩን መስመር ነው።