የሣር ማጨጃው አልነሣ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ጅማ ውስጥ በአብዛኛው አልነሣ የሚለው ዝናቡ ሲጀምር ነው። በበጋው ወራት ሣሩ ስለሚደርቅ ማሽኑ መጋዘን ውስጥ ይቆማል። መጋቢት ላይ ሰርዶው ሜዳውን ሲያለብስ ቁልፉ ይዞራል፣ ማሽኑ ግን እምቢ ይላል። ያን ጊዜ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ለሚል ሰው ቶሎ አይመኑ። ቆሞ የከረመ ሞተር ራሱ የሚበላሸው ከስንት አንዴ ነው፤ የሚያስቸግሩት ባትሪው፣ ቤንዚኑና ማብሪያዎቹ ናቸው። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ቁልፉ ሲዞር የሚሰማውን ድምፅ በደንብ ያዳምጡ። እጅዎን ወደ ምላጩ ከመስደድዎ በፊት ደግሞ የካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚለኩሰውን የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ዕቃ) ገመድ ይንቀሉ።

ምንም ድምፅ ከሌለ

በአብዛኞቹ ማሽኖች የፍሬኑ ፔዳል እስከ ታች ካልተረገጠ፣ ወይም የምላጩ ማስነሻ በርቶ ከቀረ፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር) ኤሌክትሪክ አያገኝም። ፔዳሉ ሥር ያለችው ትንሽ ማብሪያ ጭቃና የታጨደ ሣር ሲጋገርባት እግርዎ ቢረግጥም እርሷ አትነካም። ጠርገው በጣትዎ ይጫኗት፤ በቴስተርም (በኤሌክትሪክ መለኪያ) መሥራቷን ያረጋግጡ። ከተበላሸች አዲስ ይግዙ። በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ ብዙ ቦታ የሚደረግ ነገር ቢሆንም በጽኑ እቃወማለሁ፤ ማብሪያዎቹ የተሠሩት ሰው ሲወድቅ ወይም ሲወርድ ምላጩ መዞሩን እንዳይቀጥል ነው፣ በግቢው ውስጥ ደግሞ ልጆች ይሯሯጣሉ።

ማብሪያዎቹ ደህና ከሆኑ ወደ ባትሪው ይሂዱ። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሥራ ላይ ሳይሆን ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ግማሽ ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የጅማ እርጥበት የባትሪውን ጫፎች በነጭና በአረንጓዴ ቅርፊት ይሸፍናል። ኔጌቲቩን ካቦ አስቀድመው ይፍቱ፣ በቤኪንግ ሶዳና በሞቀ ውኃ በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉ፣ ያድርቁ፣ ሲያስሩ ኔጌቲቩን መጨረሻ ያድርጉ። ፊውዙ ከተቃጠለ በዚያው አምፔር ይተኩት።

ቀጭ ብሎ ከቀረ

ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚደጋገም ድምፅ የደከመ ባትሪ ነው። አንድ ጊዜ ጠንከር ብሎ ቀጭ ካለ ግን ጥርጣሬው ወደ ሶሌኖይዱ (ቁልፉ ሲዞር የባትሪውን ኃይል ወደ ሞተሪኖው የሚያሳልፈው ማብሪያ)፣ ወደ ሞተሪኖው ወይም ወደ ላላ ካቦ ይዞራል። ቁልፉን ሌላ ሰው ወደ ማስነሻው አዙሮ ይዞ ሳለ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ያድርጉ። ቮልቱ ከ9 በታች ከወረደ፣ ቀደም ሲል 12.6 ቢያሳይም ባትሪው ጭነት አይችልም። ካልወረደ ሞተሪኖው ላይ ያለውን ጫፍ ይለኩ፤ 12 ቮልት እየደረሰው ካልዞረ ችግሩ የሞተሪኖው ነው፣ ካልደረሰው ግን ሶሌኖይዱን ወይም ካቦውን ይመልከቱ።

ግማሽ ዞሮ ከቆመ

ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ያለ ጥፋቱ ሞተሪኖ ይቀየራል። ባትሪው አዲስ ሆኖ ሞተሩ ግማሽ ዙር ሄዶ ጥርሱን ነክሶ ከቆመ የቫልቩን (የሞተሩን የአየርና የጭስ በር) ክፍተት ያስለኩ። ሞተሩ ሲነሣ ግፊቱን በጥቂቱ የሚለቅ ሥርዓት አለው፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ያ ሥርዓት አይሠራም፣ ሞተሪኖውም ሙሉውን ግፊት መግፋት ያቅተዋል። የሚያስፈልገው ትክክለኛው ልክ፣ የክፍተት መለኪያና መፍቻ ነው። ልኩ በሞተሩ መመሪያ ላይ ተጽፏል።

በደንብ እየዞረ ካልነሣ

እዚህ ጥያቄው ቤንዚን ወይም እሳት ነው። ካንዴላውን ያውጡ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም፤ ረጥቦ ከሸተተ እሳት የለም ወይም ቤንዚን በዝቷል። ከአንድ ወር በላይ የቆመ ቤንዚን መበላሸት ይጀምራል፤ የቫርኒሽ ሽታ ካለው ቀድተው አውጥተው በአዲስ ይተኩ። የካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) የታችኛውን ሳህን ፈትተው በጠራ ጠርሙስ ያንቆርቁሩ፤ ውኃ ካለበት ከቤንዚኑ በታች ተለይቶ ይተኛል። በጄሪካን ተከማችቶ የቆየ ቤንዚን ይህን ያመጣል። ከካርቡራተሩ ሥር ሌላ ሶሌኖይድ (ቤንዚን የሚከፍትና የሚዘጋ) ካለ ቁልፉ ሲበራ ጠቅ ማለት አለበት። ጂግለሩን (በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ጠባብ ቀዳዳ) ማጽዳት ካልቻሉ ባጃጅ የሚጠግን ጥሩ ባለሙያ ይችላል።

ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ወይም ከፍታው ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ትገኛለች። አንዳንድ የሞተር አምራቾች ደግሞ ከ1,500 ሜትር በላይ የቤንዚኑ መጠን እንዲቀነስ ይመክራሉ፤ አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ስለዚህ ማሽኑ ከቆላ አካባቢ የመጣ ከሆነ ካንዴላ ደጋግሞ ከመግዛት ለከፍታ የተሠራ ጂግለር ማስገባት ይሻላል።

ተነሥቶ ከጠፋ

የነዳጅ ክዳኑን ይክፈቱ። ፉጨት ከሰሙና ሞተሩ ከዚያ በኋላ ከሠራ የክዳኑ የአየር ቀዳዳ ተደፍኗል፤ አጽድተው ይክደኑት።