ግራፊክስ ካርድ ስትገዙ በቢት ቁጥር አትሸወዱ

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ቴሌግራም ላይ ያገኛቸውን ሁለት ያገለገሉ ካርዶች ላከልኝ። ሁለቱም ጂቲ 730 የሚባለው ሞዴል ናቸው። «አንዱ 128 ቢት ነው፣ ሌላው 64። ባለ 128ቱን ልውሰድ አይደል?» አለኝ። «ተው፣ ባለ 64ቱ ይሻልሃል» ስለው የምቀልድ መሰለው።

ሜሞሪ ባስ የሚባለው የካርዱ ቺፕ ከራሱ ሜሞሪ ጋር ዳታ የሚለዋወጥበት መስመር ነው። የቦኖ ውሃ አስቡ። ቢቱ የቧንቧዎቹ ብዛት ነው፤ የሜሞሪው ፍጥነት ደግሞ የውሃው ግፊት። አስር ቧንቧ ተደርድሮ ውሃው ጠብ ጠብ ካለ ጀሪካኑ አይሞላም።

የመጀመሪያው ስህተት እንግዲህ ይሄ ነው፦ ቧንቧ ቆጥሮ ግፊቱን መርሳት። ሒሳቡ ቀላል ነው። ቢቱን በሜሞሪው ፍጥነት አባዙና ለ8 አካፍሉ። ባለ 128 ቢቱ ጂቲ 730 ዲዲአር3 ሜሞሪ ነው ያለው፤ ፍጥነቱ 1.8 ጊጋቢት። በሰከንድ 28.8 ጊጋባይት ይደርሳል። ጓደኛዬ ያገኘው ባለ 64 ግን ጂዲዲአር5 የሚባለው ፈጣኑ ሜሞሪ ነው ያለው፤ በ5 ጊጋቢት 40 ጊጋባይት ያወጣል። ቺፑም አዲስ ነው። ባለ 64 ሁሉ ግን እንዲህ እንዳይመስላችሁ፤ ዲዲአር3 የተገጠመለት ባለ 64 ጂቲ 730ም አለ፣ እሱ 14.4 ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው፣ ስም አይቶ መግዛት። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጂቢው 192 ቢት ነው፣ ባለ 8 ጂቢው 128። በሰከንድ 360 እና 240 ጊጋባይት። ስማቸው ግን ያው 3060 ነው። በእኔ እይታ ይሄ ነውር ነው፤ ቢያንስ ስሙን ሊቀይሩት ይገባ ነበር።

ሦስተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የተለያየ ዘመን ካርዶችን በቢት ማወዳደር። በ2023 አርቲኤክስ 4060 ቲአይ ሲወጣ 128 ቢት ሆኖ ተገኘ። የቀደመው 3060 ቲአይ 256 ነበር። በሒሳባችን 448 ጊጋባይት የነበረው ወደ 288 ወረደ ማለት ነው። ሆኖም በ1080ፒ (ፉል ኤችዲ በሚባለው የስክሪን ጥራት) አዲሱ ካርድ ይበልጣል። እንዴት? የካርዶቹ ሠሪ ኤንቪዲያ ቧንቧውን ቀንሶ ግቢ ውስጥ ሮቶ አቆመ። ሮቶው ቺፑ ውስጥ ያለው ካሽ ነው፤ ከ4 ሜጋባይት ወደ 32 አደገ። ቺፑ ደጋግሞ የሚፈልገውን ዳታ ከዚያው ስለሚቀዳ ቦኖ ድረስ መመላለሱ ቀነሰ። ሮቶ ግን ያልቃል። ጌሙን ከዚያ ወደሚበልጠው የስክሪን ጥራት፣ ወደ 4ኬ፣ ስትወስዱት ዳታው ይበዛና ካሹ አይበቃውም፤ ያኔ የባሱ ጥበት ይታያል፣ አዲሱ ካርድ የነበረው ብልጫም ይሟሟል። ስለዚህ «128 ቢት አይረባም» ከማለታችሁ በፊት የስክሪናችሁ ጥራት 1080ፒ ይሁን 4ኬ እዩ።

ጂቢ በጨመረ ቁጥር መስመሩ ይሰፋል ብሎ ማሰብም አለ። የ4060 ቲአይ ባለ 8ቱም ባለ 16ቱም 128 ቢት ናቸው፤ ፍጥነታቸው ያው 288 ነው። ትርፍ ሜሞሪው የሚጠቅመው ጌሙ 8 ጂቢ ውስጥ አልገባ ሲል ነው። ያኔ ግን በጣም ይጠቅማል፤ ባለ 8ቱ የተረፈውን ዳታ ከኮምፒውተሩ ራም እየጎተተ ሲንተፋተፍ ባለ 16ቱ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ደግሞ 64 ቢት ዊንዶውስ ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም። ሻጭ ሲያምታታ ስለሰማሁ ነው።

የመጨረሻው፣ ሳያዩ መክፈል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ በፍላሽ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ካርዱ የተሰካበት ኮምፒውተር ላይ ክፈቱትና ሦስት ነገር እዩ፦ የሜሞሪውን ዓይነት፣ የባሱን ስፋትና ባንድዊድዙን። ሦስተኛው ያባዛችሁትን ቁጥር ራሱ አስልቶ ያሳያችኋል።

ጓደኛዬ እንዲሁ አድርጎ ባለ 64ቱን ገዛ። በዋጋም ይቀንስ ነበር፤ ሻጩም የሚተምነው በቢት ነበርና።