ለትንሽ የድሮ ስፖርት መኪና ቀላል ሞተር አመራረጥ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ እንደ ኤምጂ ሚጀት፣ ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት ወይም ትራያምፍ ስፒትፋየር ያለ ባለ ሁለት ወንበር የድሮ መኪና ይዘው ጅማ ውስጥ ሞተር ለመቀየር ለሚያስቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የእነዚህ መኪኖች ጥቅም ያለው በቀላልነታቸው ነው። የሚጀት ክብደት ከ700 ኪሎ ብዙም ስለማይርቅ ፊቱ ላይ የተጨመረ የ30 ኪሎ ክብደት፣ መሪ ለያዘ ሰው ወዲያው ይታወቀዋል። ስለዚህ ሞተር የሚመረጠው በስሙ ወይም በፈረስ ጉልበቱ ሳይሆን መኪናው በሚያሳየው ምልክትና በሚዛን ነው።

ምልክት፦ መኪናው አቀበት አይችልም፣ ካንዴላዎቹ ጠቁረዋል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል

ወደ ጅሬን ስትወጡ በሦስተኛ ማርሽ መቀጠል የተሳነው መኪና ሁሉ ሞተሩ አልቋል ማለት አይደለም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። በእንግሊዝ አገር 65 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው የሚጀት 1,275 ሲሲ ሞተር፣ ምንም ሳይጎድልበት፣ እዚህ ከ53 ብዙም አይበልጥም። ካርቡሬተሩ ደግሞ የተስተካከለው ለወፍራም አየር በመሆኑ ቤንዚን ያበዛል፤ የካንዴላው ጥቁረትና ሽታው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ብዙ ደህና ሞተር ያለ ጥፋቱ የሚጣለው በኮምፕሬሽን መለኪያ (ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀውን አየር ግፊት በሚለካው መሣሪያ) ምክንያት ነው። መለኪያው የሚያነበው ግፊት ሲሊንደሩ በሚስበው አየር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ መጽሐፉ 12 ባር የሚል ከሆነ ጅማ ላይ 10 ባር ገደማ መነበቡ የጤና ምልክት እንጂ የበሽታ አይደለም። መታየት ያለበት አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። አንዱ ብቻ በጣም ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ድገሙት፤ ንባቡ ከፍ ካለ ያለቀው የፒስተን ቀለበት ነው፣ ካልተነቃነቀ ግን ችግሩ ቫልቭ ወይም የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ነው። ንባቡ የተቀራረበ ከሆነ የካርቡሬተሩን የቤንዚን መጠን አስቀንሳችሁና ኢግኒሽኑን (ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ) አስተካክላችሁ መኪናውን እንደገና አቀበት ላይ ሞክሩት። ከዚህ በኋላም ካላረካችሁ ሞተር ወደ መቀየሩ እለፉ።

ምልክት፦ ሞተር ከተቀየረ በኋላ መሪው ከብዷል፣ የፊቱ ሞላ ተቀምጧል፣ ኩርባ ላይ መኪናው ወደ ውጭ ይገፋል

መንስኤው ክብደት ነው፤ የክብደቱ ምንጭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ የተመረጠው በአቅራቢያ ስለተገኘ ብቻ መሆኑ ነው። መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ላዳ ግጠምለት» የሚል ነው። ላዳ ከፊያት 124 የተወለደ መሆኑ እውነት ነው፤ ሞተሩ ግን ባለ ካስት አይረን (ከባድ የብረት ቀልጥ) ብሎክ ስለሆነ ትንሹን መኪና አያቀለውም። የኮሮላ ዲኤክስ 4ኬ ሞተርም ብሎኩ ካስት አይረን ነው። ሆኖም በቁመቱ (ከመኪናው ፊት ወደ ኋላ) የሚገጠም፣ የራሱ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ያለው፣ በካርቡሬተር የሚሠራና የትኛውም የጅማ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው በመሆኑ፣ ክብደት መቀነስ ሳይሆን ዕረፍት ለሚፈልግ ባለቤት መጥፎ ምርጫ አይደለም።

ክብደት መቀነስ ዋናው ዓላማ ከሆነ ሁለት ሞተሮች ይቀራሉ። የቪትዝና የያሪስ 1ኤንዜድ፣ 1,497 ሲሲ፣ ብሎኩ አልሙኒየም ነው፣ በሰንሰለት ይሠራል፣ ጉልበቱም ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን በአግድም ተቀምጦ የፊት ጎማ እንዲነዳ የተሠራ በመሆኑ ካምቢዮ፣ የዘይት ገንዳና ኮምፒውተር ሁሉ ጥያቄ ይሆናሉ። የሱዙኪ ሳሙራይ 1.3 ሊትር ሞተርም ሙሉ በሙሉ አልሙኒየም ነው፤ ከጅምሩ በቁመት የተቀመጠ ሲሆን ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮው አራቱን ጎማ ከሚያከፋፍለው ሳጥን ተነጥሎ የተሠራ ስለሆነ ሳጥኑን ትቶ ካምቢዮውን ብቻ መውሰድ ይቻላል። በእኔ አስተያየት ለእነዚህ መኪኖች የሚመቸው ይኸኛው ነው፤ በተለይ በካርቡሬተር የሚሠራው ከተገኘ።

ሻጩ «ቀላል ነው» ሲል አትመኑ፤ አስመዝኑ። ጅማ ሚዛን የሚቸግርባት ከተማ አይደለችም። ቡና የሚመዘንበት የመጋዘን መድረክ ሚዛን ሞተሩን ከነካምቢዮው ይችላል። ሞተሪኖው (ማስነሻው)፣ አልተርኔተሩ፣ ቮላኖው (ከሞተሩ ጀርባ ያለው ከባድ መንኮራኩር)፣ የጭስ ማውጫው እጅና ራዲያተሩ ከነውኃው አብረው ይመዘኑ፤ አሮጌውም በዚያው ሚዛን ላይ በዚያው ሁኔታ ይመዘን። ባዶ ብሎክን ከሙሉ ሞተር ጋር ማወዳደር ራስን ማታለል ነው። ሱፖርቶቹ (ሞተሩ የሚቀመጥባቸው ድጋፎች) ሲበየዱም ሞተሩ በተቻለ መጠን ወደ ኋላ፣ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ግድግዳ ይጠጋ፤ ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ እንኳ ለመሪው ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ምልክት፦ ኮፈኑ አይዘጋም፣ ወይም ኩርባ ላይ የዘይት መብራት ብልጭ ይላል

ሁለቱም አንድ ሥር አላቸው፤ የዘይት ገንዳው ሆድ የመኪናው የፊት ተሻጋሪ ብረት ካለበት ቦታ ጋር ስለተጋጨ ሞተሩ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ አለዚያም ገንዳው ተቆርጦ ሲበየድ የዘይት መሳቢያው ቱቦ አብሮ አልተስተካከለም። ከመግዛታችሁ በፊት ከኮፈኑ ሥር እስከ ተሻጋሪው ብረት ያለውን ቁመት በሜትር ለኩና ሻጩ ዘንድ ሞተሩን በዚያው ልክ እዩት። ገንዳ መቁረጥ ግድ ከሆነ በቁመት የተቀነሰው በወርድ ይመለስ፣ መሳቢያውም ከገንዳው ወለል እጅግ ሳይርቅና ሳይነካ ይቀመጥ።

ምልክት፦ ፍሪሲዮን ቶሎ ያልቃል፣ በተወሰነ ፍጥነት መኪናው ይንቀጠቀጣል

ሞተርና ካምቢዮ የተለያየ ዘር ሲሆኑ መሃላቸው የሚገባው ሰሌዳ በዓይን ግምት ተቦርቡሮ ከሆነ የካምቢዮው ዘንግ ከሞተሩ መሃል ይወጣል። ልዩነቱ በመለኪያ ሰዓት ሲታይ ከ0.15 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም፤ ስለዚህ ሥራው የቶርኖ ባለሙያ እንጂ የብየዳ ቤት አይደለም። ፍሪሲዮኑ ደህና ሆኖ መንቀጥቀጡ ብቻ ከቀረ የሁለቱ ክሮቼራዎች (የማስተላለፊያ ዘንጉ መገጣጠሚያዎች) ማዕዘን እኩል መሆኑን አረጋግጡ። ሞተርን ከነካምቢዮው የሚገዛ ሰው ከዚህ ችግር አብዛኛውን ያመልጣል።

ምልክት፦ ሞተሩ ተነሥቶ ይጠፋል

ይህ የኮምፒውተር ሞተሮች በሽታ ነው። ቁልፉን የሚያውቀው የስርቆት መከላከያ ሳይመጣ ከቀረ ሞተሩ ሰከንድ ሠርቶ ይቆማል። አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትገዙ ኮምፒውተሩ፣ ያልተቆረጠ ሽቦው፣ ቁልፉና የቁልፉ አንባቢ ከአንድ መኪና የወጡ ይሁኑ፤ ለየብቻ የተሰበሰበ ርካሽ ሞተር መጨረሻው ውድ ነው። ሌላው መንስኤ ፓምፕ ነው፦ የካርቡሬተር ፓምፕ የሚሰጠው ከግማሽ ባር በታች ሲሆን የኢንጄክሽን ሞተር ግን 3 ባር ገደማ ይፈልጋል፤ ፓምፑም፣ ቱቦውም፣ ማያያዣውም አብረው ይቀየሩ። ኮምፒውተሩን ከኮፈን ሥር አታስቀምጡት፤ የጅማ ዝናብ ይደርስበታል።

ምልክት፦ ከጊቤ ሸለቆ ሲወጣ ይፈላል

ጅማ ላይ ክፍት ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ የራዲያተር ክዳን ግፊት ካልያዘ ጤነኛ ሞተር እንኳ ሊያስቸግር ይችላል። አዲሱ ሞተር የሚፈልገው 1 ባር ገደማ የሚይዝ ክዳን ሲሆን የድሮው ራዲያተር ያን ላይችል ስለሚችል አስቀድሞ በግፊት ይፈተሽ። ራዲያተሩ ከቴስታታው ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ አየር ከላይ ይታሰራል፤ መሙያውን ከሁሉም በላይ ከፍ አድርጉ።

ምልክት፦ ቦሎ ሲጠየቅ መኪናው ይመለሳል

ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ከብሎኩ ጋር አይመሳሰልም። የሞተሩን የጉምሩክ ዴክላራሲዮንና የሽያጭ ደረሰኝ ያዙ፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊትም ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ የሲሲውና የሞተሩ ለውጥ በምን ሁኔታ እንደሚመዘገብ ጠይቁ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ብሎክ ምንም ያህል ቢረክስ አትንኩት።