ከኩባንያ ጋር ወደ ግልግል ዳኝነት ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ የሚኖር ሰው የስልክ መስመር ሲያወጣ፣ ክሬዲት ካርድ ሲቀበል ወይም ያገለገለ መኪና ሲገዛ ከሚፈርማቸው ወረቀቶች ብዙዎቹ፣ አለመግባባት ቢነሳ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሳይሆን በግልግል ዳኝነት እንደሚታይ የሚገልጽ አንቀጽ ይዘዋል። ለዚህ አንቀጽ ኃይል የሚሰጠው በ1925 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የፌዴራል የግልግል ዳኝነት ሕግ ነው። በ2011 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስልክ ኩባንያው በኤቲ ኤንድ ቲ እና በኮንሴፕሲዮን መካከል በነበረው ክርክር፣ ብዙ ደንበኞች ተሰባስበው በአንድነት እንዳይከሱ የሚከለክል የግልግል አንቀጽ በክፍለ ግዛት ሕግ ሊሻር እንደማይችል ወሰነ። ያ ሁሉ ሙግት የተነሳው በነጻ ተብሎ በተሰጠ ስልክ ላይ ከተጠየቀ 30 ዶላር ከ22 ሳንቲም ታክስ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ተጠቃሚው አብዛኛውን ጊዜ ኩባንያውን የሚገጥመው ብቻውን ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ለወገኖቼ እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን ስተረጉም ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ።

ግልግልን እንደ ሽምግልና መቁጠር

የስህተቶች ሁሉ እናት ይህ ይመስለኛል፤ ምንጩም ቃሉ ራሱ ነው። «ግልግል» ሲባል በእኛ አእምሮ የሚመጣው ነጠላውን አጣፍቶ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ «አንተም ትንሽ ተው፣ እሱም ትንሽ ይተው» የሚል ምክር፣ በመጨረሻም ይቅር ለእግዚአብሔር መባባል ነው። የግልግል ዳኛ ግን አስታራቂ አይደለም። ማስረጃ መርምሮ፣ ውሉንና ሕጉን አገናዝቦ፣ ለአንዱ የሚፈርድ ዳኛ ነው፤ ውሳኔውም ሁለቱን ወገኖች ያስገድዳል።

ልዩነቱን ያልተረዳ ሰው ሁለት ዓይነት ጉዳት በራሱ ላይ ያደርሳል። አንደኛው፣ ሽማግሌ መቀነሱ አይቀርም ብሎ የ2,000 ዶላር ጉዳቱን 6,000 አድርጎ መጠየቁ ነው፤ 4,000ው በደረሰኝ ሳይደገፍ ሲቀር ዳኛው እውነተኛውን 2,000 እንኳ በጥርጣሬ ማየት ይጀምራል። ሁለተኛው በተቃራኒው ከጨዋነት የሚመጣ ነው፤ «እኔም ጥፋት አለብኝ፣ በጊዜ አልደወልኩም» ብሎ መጻፍ። በሽማግሌ ፊት እንዲህ ማለት ልብ ያራራል፤ በግልግል ዳኛ ፊት ግን የኩባንያው ጠበቃ ቆርጦ የሚጠቅሰው የእምነት ቃል ይሆናል።

ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው በዚህ መደናገሩ አይፈረድበትም። በአገራችን የግልግል ዳኝነት እና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት የሸማቾች ጥበቃ ጉዳይ ለግልግል ዳኝነት ከማይቀርቡት ጉዳዮች መካከል ነው። እዚያ የተከለከለው እዚህ የተለመደ መንገድ ነው።

የፈረሙትን ውል ሳይዙ መጀመር

በየትኛው ተቋም እንደሚከሱ፣ ከዚያ በፊት ምን ማድረግ እንዳለብዎት፣ ዳኝነቱ የት እንደሚካሄድ የሚወስነው ውሉ ነው። ብዙ ሰው ግን ኩባንያው ዛሬ በድረ ገጹ ላይ ያስቀመጠውን ጽሑፍ አትሞ ይመጣል፤ የፈረመው ከ3 ዓመት በፊት የነበረውን ቢሆንም። ማመልከቻ ሲያስገቡ የግልግል አንቀጹን ቅጂ እንዲያያይዙ ስለሚጠየቁ፣ ውሉ ከጠፋብዎት ቅጂ እንዲላክልዎት ኩባንያውን በጽሑፍ ይጠይቁ።

በአንቀጹ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ስሞች የአሜሪካ የግልግል ዳኝነት ማኅበር እና ጃምስ የተባሉት የግልግል ተቋማት ናቸው። የመጀመሪያው በምህጻሩ ትሪፕል ኤ ስለሚባል፣ መኪና ሲበላሽ መጥቶ ከሚጎትተው ድርጅት ጋር ስሙ አንድ ነው። አንድ ታክሲ ነጂ «የእነሱ አባል ስለሆንኩ ቅናሽ ያደርጉልኛል» ብሎኝ ያውቃል።

ውሉን ሲያነቡ ሌላም ነገር ይፈልጉ። አንዳንድ ኩባንያዎች ውሉ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያሳወቀ ሰው ከግልግሉ አንቀጽ ነጻ እንዲሆን ይፈቅዳሉ። ቀኑ ካላለፈ ያንን ደብዳቤ መላክ ምንም አያስወጣዎትም። የመኖሪያ ቤት ብድር ከሆነ ደግሞ በ2010 የወጣው ሕግ አስገዳጅ የግልግል አንቀጽ በብድር ውሉ ውስጥ እንዳይገባ ስለሚከለክል፣ የፍርድ ቤት በር አልተዘጋብዎትም።

የቅድሚያ ማስታወቂያውን መዝለል

ብዙ ውሎች ማመልከቻው ከመቅረቡ 30 ወይም 60 ቀን በፊት ቅሬታዎን፣ የሚጠይቁትንም ገንዘብ ገልጸው በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ያስገድዳሉ። ለደንበኞች አገልግሎት 11 ጊዜ መደወል ማስታወቂያ አይባልም። ደብዳቤው በውሉ ላይ ለዚሁ ጉዳይ በተጻፈው አድራሻ፣ ተቀባዩ የሚፈርምበት ሰርቲፋይድ ሜይል ሆኖ ቢላክ ይመረጣል፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ነገ አባሪ 1 ይሆናልና።

በዚህ የጥበቃ ጊዜ ሰዎች የሚዘነጉት ይርጋውን፣ ማለትም ለመክሰስ ሕግ የሚሰጠውን የጊዜ ገደብ ነው። ደብዳቤ መላክ በራሱ ይርጋን አያቋርጥም። የውል ክርክር በሜሪላንድ በመደበኛው 3 ዓመት፣ በቨርጂኒያ በጽሑፍ ለተደረገና ለተፈረመ ውል 5 ዓመት ነው፤ ውሉ ራሱም ሊያሳጥረው ይሞክር ይሆናል። ክፍያው በክሬዲት ካርድ ተፈጽሞ ከሆነ ደግሞ በሒሳብ መግለጫው ላይ ያለውን ስህተት ለካርዱ ሰጪ በጽሑፍ ማሳወቂያው ጊዜ መግለጫው ከተላከ ጀምሮ 60 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ግልግሉን ሲጠብቁ ይህ ቀላሉ መንገድ እንዳያመልጥዎት።

ተጠሪውን በሰሌዳው ስም መክሰስ

በሱቁ በር ላይ የተጻፈው ስምና በሕግ የተመዘገበው ስም ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ትክክለኛው ስም ውሉ መጨረሻ ላይ፣ ከፊርማው መስመር በታች ይገኛል። በዱቤ የተገዛ መኪና ከሆነ ሻጩንና ብድሩን የያዘውን ድርጅት ለይተው ይዩ። በፌዴራል ትሬድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት እንዲህ ያለው የብድር ውል፣ ገዢው በሻጩ ላይ ያለውን ቅሬታ ውሉን በያዘው አበዳሪም ላይ ማንሳት እንደሚችል የሚገልጽ ማሳሰቢያ ሊኖረው ይገባል። ገዢው ከአበዳሪው ማስመለስ የሚችለው ግን ራሱ ከከፈለው ገንዘብ ሳይበልጥ ነው። ሻጩ ሱቁን ዘግቶ በጠፋበት ጊዜ ይህች ማሳሰቢያ ብቻዋን ጉዳዩን ስታድነው አይቻለሁ።

ማስረጃ በሚያስፈልግበት ቦታ ምሬት መጻፍ

መኪና ስትገዛ ያልጠየቀችው የጥገና ዋስትና የተጨመረባት አንዲት እህት የጻፈችውን ማመልከቻ እንድተረጉም ሰጥታኝ ነበር። ሁለት ሙሉ ገጽ ነው፤ ዋናው ሐሳቡ ግን በዚህ መስመር ያልቃል፦ «ቋንቋ የማላውቅ መሆኔን አይተው አታለሉኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ እግዚአብሔር ያያል፤ ፍትሕ ይሰጠኝ።» እውነቷን ነው፤ ሻጩም ስሙን ብጠራው ደስ ባለኝ። ሆኖም በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ዳኛው ሊወስን የሚችልበት አንድም ቀን፣ አንድም ቁጥር የለም። ሁለታችን የወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶቹን ዘርግተን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከሠራን በኋላ ማመልከቻው እንዲህ ሆነ፦

«ማርች 4 ቀን በፈረምኩት የሽያጭ ውል ገጽ 3 ላይ የ2,450 ዶላር የጥገና ዋስትና ተጨምሯል (አባሪ 1)። ማርች 9 ቀን እንዲሰረዝልኝ በኢሜይል ጠይቄ መልስ አላገኘሁም (አባሪ 2)። ዋጋው ከብድሩ ጋር ስለተደመረ እስከ ዛሬ 310 ዶላር ወለድ ከፍያለሁ (አባሪ 3)። የምጠይቀው 2,760 ዶላር እንዲመለስልኝ ነው።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። የተፈጸመው፣ የተጠየቀው፣ የተከፈለው፣ የሚፈለገው፤ እያንዳንዱም ከወረቀት ጋር ታስሯል። እንቅልፍ ማጣቷን እንድናስቀረው ስነግራት ከፍቷት ነበር፤ የሕክምና ማስረጃ ከሌለው ግን ቦታ ከመያዝ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ የሚያስፈልገው፣ አነስተኛ ገንዘብ የሚጠየቅባቸው ጉዳዮች ብዙውን ጊዜ ተከራካሪዎቹ ሳይቀርቡ በጽሑፍ ብቻ ስለሚወሰኑ ነው። «ስቀርብ በቃል አስረዳለሁ» ብሎ ማስረጃውን በቦርሳው ያቆየ ሰው፣ መቅረብ ሳይኖር ውሳኔው በፖስታ ይደርሰዋል። ችሎት ከፈለጉ በተሰጠው ቀነ ገደብ ውስጥ በጽሑፍ ይጠይቁ። የማመልከቻውን ሙሉ ቅጂ ከነአባሪዎቹ ለተቋሙ ብቻ ሳይሆን ለኩባንያውም መላክ እንዳለብዎት አይርሱ። ኩባንያው በተሰጠው ጊዜ መልስ ባይሰጥ እንኳ ረታሁ ብለው አይዘናጉ፤ በአሜሪካ የግልግል ዳኝነት ማኅበር ደንብ ዝምታ ክሱን እንደ መካድ ይቆጠራል፤ ማስረዳት አሁንም የእርስዎ ሸክም ነው።

ትንሹን ፍርድ ቤት መርሳት

የዚያችን እህት ማመልከቻ ጨርሰን ካስገባን በኋላ ውሉን ደግሜ ሳነበው፣ ከግልግሉ አንቀጽ ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈች መስመር አገኘሁ፦ ሁለቱም ወገን ጉዳዩን አነስተኛ የገንዘብ ጥያቄዎችን ወደሚያየው ስሞል ክሌይምስ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላል። አስቀድሜ ማየት ነበረብኝ። አብዛኞቹ የተጠቃሚ ውሎች ይህን በር ክፍት ይተዋሉ። ከፍተኛው የገንዘብ ጣሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ 5,000 ዶላር፣ በዋሽንግተን ዲሲ 10,000 ዶላር፣ በካሊፎርኒያ ለግለሰብ 12,500 ዶላር ነው። ሒደቱ ቀለል ያለ ነው፤ የመዝገብ ክፍያውም በአብዛኛው ከግልግሉ ያነሰ ነው። በማኅበሩ ደንብ ዳኛው በይፋ ከመሾሙ በፊት ከሆነ፣ ግልግል ከተጀመረ በኋላም ማንኛውም ወገን በጽሑፍ አሳውቆ ወደዚያ ሊዛወር ይችላል። ይህ መብት የኩባንያውም ስለሆነ፣ ግልግል ጀምረው ፍርድ ቤት ቢጠሩ አይደንግጡ።

ክፍያውን ፈርቶ መተው፣ ወይም ሁሉንም መክፈል

በሁለቱ ትልልቅ ተቋማት ተጠቃሚው የሚከፍለው የመዝገብ ክፍያ በቅርብ ዓመታት ከ200 እስከ 250 ዶላር ባለው ውስጥ ሲሆን፣ የዳኛውን አበልና የቀረውን የሚሸፍነው ኩባንያው ነው። ቅጹ ላይ ግን የንግድ ድርጅቶች ለእርስ በርስ ክርክራቸው የሚከፍሉት ብዙ ሺህ ዶላር ሠንጠረዥም ስላለ፣ የተጠቃሚዎችን ቅጽ መምረጥዎን ያረጋግጡ። በካሊፎርኒያ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስፈርት 300 በመቶ በታች የሆነ ተጠቃሚ ከተቋሙ ክፍያ ነጻ እንዲሆን ሕጉ ያዛል። ኩባንያው ድርሻውን አልከፍልም ካለ ተቋሙ መዝገቡን ሊዘጋው ይችላል፤ መዝገቡ መዘጋቱን የሚገልጸውን ደብዳቤ ግን አይጣሉት፤ ወደ ፍርድ ቤት ሲሄዱ «ግልግል ሂድ» ለሚለው መከራከሪያ መልስዎ እሱ ነው።

ለአስተርጓሚ ሳይዘጋጁ መቅረብ

በዲሲ ፍርድ ቤት የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ መጠየቅ የለመዱ ሰዎች በግልግልም እንደዚያው ይጠብቃሉ። በማኅበሩ ደንብ ግን አስተርጓሚ የፈለገው ወገን ራሱ ያመጣል፣ ራሱም ይከፍላል። የእህትን ልጅ ይዞ መቅረብ ርካሽ ቢመስልም፣ ልጁ የአጎቱን ሐሳብ እያሳመረ ሲተረጉም የኩባንያው ጠበቃ ዝም አይልም። በአማርኛ የተጻፈ የቫይበር መልእክት ወይም ደረሰኝ ካለዎትም ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር አስቀድሞ ይያያዝ።

ይግባኝ አለ ብሎ መቀመጥ

ዳኛው ሕጉን በተሳሳተ መንገድ ተርጉሞታል ወይም ማስረጃዬን አሳንሶ አይቶታል ብለው ቢያምኑ፣ ይህ በመደበኛው ውሳኔውን አያስሽርም። በፌዴራሉ ሕግ ፍርድ ቤት ውሳኔውን የሚሽረው እንደ ማጭበርበር፣ ግልጽ አድልዎ፣ ተገቢ ማስረጃ ለመስማት እምቢ ማለት ወይም ዳኛው ከሥልጣኑ ማለፉ ባሉ ጠባብ ምክንያቶች ብቻ ነው። ለዚያም አቤቱታው ውሳኔው ከተሰጠ በ3 ወር ውስጥ ለሌላው ወገን መድረስ አለበት። ረትተው ኩባንያው ካልከፈለ ደግሞ ውሳኔው በራሱ የባንክ ሒሳብ አያሳግድም፤ በ1 ዓመት ውስጥ ለፍርድ ቤት አቅርበው እንዲጸና ማድረግ፣ ከዚያም እንደ ማንኛውም ፍርድ ማስፈጸም ይኖርብዎታል።