ጠበቃ ፍለጋ በመጥሪያ ማግስት፦ እኛ ወሎዬዎች የምንሠራቸው ስህተቶች

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደሴ ፍርድ ቤት በር ላይ ቁሙ። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ገና አልተገፈፈም። ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ፌስታል በብብቱ ሸጉጦ ይጠብቃል። ፌስታሉ ውስጥ የቤት ካርታ አለ፣ የጋብቻ ወረቀት አለ፣ አንዳንዴም የሟች አባት መታወቂያ። ይሄኔ አጠገቡ ወደቆመው ዞር ይልና "ወንድሜ፣ እዚህ ጥሩ ጠበቃ ታውቃለህ?" ይላል። ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

እኔም እንደዚያ ቆሜ አውቃለሁ። የሕግ ሰው አይደለሁም፤ የግንባታ ዕቃ ነው የምሸጠው። ግን አንዴ ከተቃጠልኩ ወዲህ ዘመድ አዝማዱ ነገር ሲገጥመው ወደ እኔ ይደውላል። ከራሴም ከእነሱም ያየሁትን ስህተት ልንገራችሁ።

መጥሪያን መሳቢያ ውስጥ መወርወር

ሱቁን ያከራየኝ ሰው የሦስት ወር ኪራይ አልከፈለኝም ብሎ ከሰሰኝ። ከፍዬዋለሁ። ግን በእጅ ነው የከፈልኩት፤ ሻይ እየጠጣን፣ ያለ ደረሰኝ። መጥሪያው ሲመጣ ደሜ ፈላና መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። "ሰው እንዴት የተቀበለውን ይክዳል!" እያልኩ ለደንበኛው ሁሉ ሳወራ ሁለት ሳምንት አለፈ። ጠበቃ ቢሮ የገባሁት ለቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ጠበቃው ወረቀቱን አገላብጦ አየና "የጽሑፍ መልስ እስከ መቼ ያቅርብ እንደሚል አንብበውታል?" አለኝ። አላነበብኩትም። ቀኑ አልፏል። ችሎት ስንቀርብ መልስ የማቅረብ መብቴ ታለፈ። ስከፍል ያዩኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ በምስክርነት ላስቆጥራቸው አልቻልኩም። ኪራዩን ደግሜ ከፈልኩ፣ የከሳሽንም ወጪና ኪሳራ ጭምር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ከእኔ የባሰም አለ። "መጥሪያ አልቀበልም" ብሎ በሩን የሚዘጋ። አለመቀበል ከክስ አያስመልጥም፤ መጥሪያው እንደደረሰ ተቆጥሮ ጉዳዩ በሌላችሁበት ሊታይ ይችላል። በሌላችሁበት ከተፈረደ ደግሞ ይነሣልኝ ብላችሁ ማመልከት የምትችሉት ፍርዱን ባወቃችሁ በአንድ ወር ውስጥ ነው። ያውም በቂ ምክንያት ኖሯችሁ። የፍትሐ ብሔር ይግባኝም 60 ቀን ብቻ ነው ያለው። እነዚህ ቀኖች ጠበቃ እስክታፈላልጉ አይጠብቋችሁም።

ታዲያ መቼ ይፈለግ? ምንም ነገር በሌለበት ቀን። አሁን እኔ የማደርገው ይህን ነው፤ አነስ ያለች ሥራ ይዤ እሄዳለሁ። የኪራይ ውል ላሳድስ ስል "ይቺን አንብብልኝ" ብዬ የምክር ዋጋ እከፍላለሁ። ስልክ ያነሣል? ውሉን አንብቦታል ወይስ ገረፍ ገረፍ አድርጎ አለፈው? እኔ በሚገባኝ አማርኛ ያስረዳኛል? ሰውየውን በአንዲት ውል ለካሁት ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

ከፈረሙ በኋላ መሄድ

ከመጥሪያው በፊትም ጠበቃ የሚፈለግበት ጊዜ አለ፤ ብዕር ከማንሣት በፊት። ቤት የሚገዛ ሰው ደላላ ያማክራል፣ ዘመድ ያማክራል፣ በሁለት ምስክር የመንደር ውል ይፈርማል፣ ብር ያስረክባል። ሻጩ ሲክድ ጠበቃ ይፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ፊት መደረግ አለበት ይላል። "ምስክር አለኝ" ብቻውን አያድናችሁም።

ወደ ገጠሩ ሲሄዱ ደግሞ "መሬቱን ሸጬለታለሁ" የሚል ወረቀት ይዞ የሚመጣ አለ። መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ነው የሚለው። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ይዛችሁ ብትሄዱ ጎበዙም ጠበቃ ጭንቅላቱን ነው የሚያክ።

"ዳኛ ያውቃል ወይ?" ብሎ መምረጥ

ሰው ጠበቃ ሲጠይቀኝ ሁለተኛው ጥያቄ ሁሌ ይሄ ነው። አልፈርድም፤ አገራችን ሰው በሰው ነው። ግን ፍርድ ቤት አካባቢ ካፌ ተቀምጦ "ዳኛው የኔ ሰው ነው፣ ትንሽ ነገር ጣል አድርግና ላስጨርስልህ" የሚላችሁ ጉዳይ ገዳይ ነው። ከዳኛው ጋር ቡና ጠጥቶም አያውቅ ይሆናል። "መቶ በመቶ እናሸንፋለን" የሚል ባለ ፈቃድ ጠበቃ ቢያጋጥማችሁም ሻያችሁን ከፍላችሁ ውጡ።

እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ "የኔ ጉዳይ ደካማ ጎኑ የቱ ጋ ነው?" ጥሩ ጠበቃ ይነግራችኋል፣ ቅር ቢላችሁም። ሰው ስታጠያይቁም ያሸነፈውን ብቻ አትጠይቁ። ያሸነፈ ሰው ጠበቃውን ማሞገሱ አይቀርም። ተሸንፎም "ሰውየው ግን ሐቀኛ ነው፣ ከመጀመሪያው ነግሮኝ ነበር" የሚል ካገኛችሁ ስልኩን ተቀበሉ።

ማመልከቻ ጸሐፊን ጠበቃ ማድረግ

በር ላይ ላፕቶፕና ፕሪንተር ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉልን ልጆች ሥራቸው የተከበረ ነው። ግን ማመልከቻ መጻፍና ችሎት ቆሞ መከራከር ለየቅል ነው። ለሰው የሚከራከር ሰው የጥብቅና ፈቃድ ያስፈልገዋል። በክልሉ ፍርድ ቤቶች ለመቆም ፈቃዱን የሚሰጠው የክልሉ ፍትሕ ቢሮ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤት ለሚቆመው ደግሞ የፌዴራል ፈቃድ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሚመራው እሱን ነው። "ፈቃድዎን ልየው፣ ታድሷል?" ማለት ነውር አይደለም። የሚቆጣ ካለ መቆጣቱ ራሱ መልስ ነው።

እግረ መንገዳችሁን በምን ዓይነት ጉዳይ እንደሚበረታ ጠይቁ። ፍቺ ላይ ጎበዝ የሆነ ሁሉ የግብር ይግባኝ አይሆንለትም።

የፌስታሉ ነገር

አንድ ቀን ጠበቃዬ ቢሮ ተራ ይዤ ተቀምጬ አንድ ከኩታበር በኩል የመጡ አዛውንት ገቡ። ፌስታላቸውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። አረንጓዴው የመሬት ደብተር፣ የማዳበሪያ ደረሰኝ፣ የልጅ የክትባት ካርድ፣ ሁለት የብድር ወረቀት፣ አንዱ ዝናብ መትቶት ቀለሙ የፈሰሰ። "አባቴ፣ ለዛሬው ጉዳይ የሚያስፈልገን የቱ ነው?" አላቸው ጠበቃው። "አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው እንጂ ሁሉንም ያመጣሁት" አሉ። ሳቅን፣ እሳቸውም ሳቁ። ግን ወረቀት በመለየት ብቻ ግማሽ ሰዓት አለቀ። የእኛም ተራ ገፋ።

ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሆነውን በቀን ቅደም ተከተል ጻፉ፤ መቼ፣ የት፣ ማን ነበረ፣ ስንት ብር። ስድቡንና ንዴቱን ተዉት። የሚያውቁ ሰዎችን ስምና ስልክ ከሥር አስፍሩ። ሰነዱን በፋይል ለዩት፤ ለጠበቃው ኮፒውን ስጡ፣ ዋናውን እናንተ ያዙ። ፍርድ ቤት ለማመሳከር ሲፈልገው ይዛችሁ ትቀርባላችሁ።

ኮፒ ስል ነገሬን እዚህ ላይ ላስረዝመው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ውስጥ ስንት መሥሪያ ቤት እንደተዘረፈ ያየ አይረሳውም። "መዝገቡ ቢሮ አለልኝ" ብሎ የተኛ ሰው በኋላ ወረቀቱን ፍለጋ ስንት ደጅ ጠና! ካርታችሁን፣ ደብተራችሁን፣ ውላችሁን በስልክ ፎቶ አንሡ። ለራሳችሁ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ላኩት፤ ሌላ ከተማ ላለ ልጃችሁም አንድ ኮፒ አስቀምጡ።

ብድርም ላይ ይሄው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ 500 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ ፒያሳ ለሁለት ሰው ምሳ ነው። ስለዚህ በቃል ያበደራችሁት ሁሉ ማለት ይቻላል እዚህ ውስጥ ይገባል።

ሽምግልናው እስኪያልቅ ብሎ መተኛት

ይሄ የእኛው የወሎዎች ስህተት ነው፤ ስለዚህ ጠንከር ብዬ ልናገር። አበጋር፣ ማለትም ደም የሚያስታርቀው የአገራችን ሽማግሌ፣ ያስታረቀውን ደም ፍርድ ቤት አስታርቆት አያውቅም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ተቀምጦ፣ ተመራርቆ የሚነሣበት ሸንጎ ነው። በዚህ አልከራከርም። ችግሩ ሌላ ነው። ሽማግሌ ቀጠሮ ሲሰጥ "ከመውሊድ በኋላ" ይላል። ከዚያ "ፍልሰታ ትለፍ"። ከዚያ "አዝመራው ይግባ"። ካሳ ጠያቂው ሽማግሌ ማስቸገር ነውር ነው ብሎ ዝም ይላል።

ይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለክስ የሰጠው የጊዜ ገደብ፣ ግን ይሉኝታ አያውቅም። መኪና ገጭቷችሁ ወይም ሰው ንብረታችሁን አጥፍቶ ያለ ውል ካሳ ስትጠይቁ፣ በመሠረቱ ያላችሁ ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ድርጊቱ ወንጀልም ከሆነ ጊዜው ሊረዝም ይችላል፤ የእናንተ ጉዳይ የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ጠበቃ ነው። ሽምግልና ላይ መሆናችሁ ብቻውን ቆጠራውን ያቆመዋል ብላችሁ አትመኑ። አንድ ዘመዴ ሦስት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ሲያመላልስ ቆይቶ ፍርድ ቤት ሲሄድ ተከሳሹ ያቀረበው መቃወሚያ አንድ ቃል ነበር፦ ይርጋ።

በሽምግልናው መጀመሪያ ጠበቃ ጋ ሄዳችሁ "የመጨረሻዬ ቀን መቼ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀኑን ካላንደር ላይ ክበቡት። ለሽማግሌዎቹም ንገሯቸው፣ አይቀየሙም። ከታረቃችሁም እርቁን በጽሑፍ አድርጉት። ክስ ተከፍቶ ከሆነ የእርቅ ስምምነቱን ለፍርድ ቤቱ አቅርቦ ማስመዝገብ ይቻላል። የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ቢሆን ጉዳዩን የሚያየው ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ሲስማሙ ነው። ያ ስምምነት ምን እንደሚያስከትል ከመስማማታችሁ በፊት ጠይቁ።

ውክልናን በጅምላ መስጠት

ከየቤቱ አንድ ልጅ አረብ አገር አለ። ልትሄድ ስትል ወይም እዚያው ሆና በኤምባሲ በኩል ለወንድሟ ውክልና ትሰጣለች። ወረቀቱ አንድ ገጽ ሙሉ ነው፤ ይሸጣል፣ ይለውጣል፣ ያስይዛል፣ ይከራከራል፣ ሌላ ሰው ይወክላል። የፈለገችው ግን ቤቷን እንዲያከራይላት ብቻ ነበር። ጠቅላላ ውክልና በሕጉ የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው፤ ቤት መሸጥና ማስያዝ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። ስለዚህ "ይሸጣል" የምትለዋ ቃል ካላስፈለገች አታስገቧት። ለጠበቃም ስትወክሉ ለዚያው ጉዳይ ብቻ ወክሉት።

ክፍያን በቃል መጨረስ

"እንተዋወቅ የለ እንዴ" ይባላል፣ ቀብድ ይሰጣል፣ ወረቀት የለም። ይግባኝ ሲመጣ ጠበቃው "እሱ ሌላ ነው" ይላል፤ ደንበኛው "እስከ መጨረሻው ብለኸኝ" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የጥብቅና ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፦ ዋጋው ስንት ነው፣ በስንት ጊዜ ይከፈላል፣ ይግባኝንና አፈጻጸምን ይጨምራል ወይ፣ የዳኝነት ክፍያውን ማን ይሸፍናል። አፈጻጸምን ሰው ይረሳዋል። ተፈርዶላችሁ ብሩን ካላስከፈላችሁ ወረቀት ብቻ ነው የያዛችሁት።

ጠበቃን መዋሸት

ምሥጢራችሁን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የደበቃችሁትን ግን ከሌላኛው ወገን አፍ ችሎት ላይ ቢሰማው መልስ አይኖረውም።

"ድሃ ነኝ፣ ለእኔ ጠበቃ የለም" ማለት

አለ። ወንጀል ተከስሶ አቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ሰው መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ይላል። በፍትሐ ብሔር ደግሞ የዳኝነት መክፈያ የሌለው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ያለው የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሂዱና ጠይቁ።

ቁጥሩን ስልክ ላይ ብቻ ማስቀመጥ

ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ ስልኩን ያስረክባል። ያኔ የጠበቃው ቁጥር ስልኩ ውስጥ ነው፣ ስልኩ ደግሞ የጣቢያው መሳቢያ ውስጥ። የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው፤ የሚናገረው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል። ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው የመንገድ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ጠበቃው ሊጎበኘው ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ውጭ ያለ ሰው ለማን እንደሚደውል ሲያውቅ ነው።

እኔ የጠበቃዬን ቁጥር ሱቁ ውስጥ ካላንደሩ ጀርባ ጽፌዋለሁ። አንዱ የባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ አለ። ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ "ምን አጥፍተህ ነው ግድግዳ ላይ ጠበቃ የሰቀልከው?" ብሎ ሳቀብኝ። ሲወጣ ግን በስልኩ ፎቶ ሲያነሣው አየሁት። "በወረቀት ገልብጠው!" ብዬ ጮህኩበት።