ሩቅ ያለ ክላስተር ላይ ኮንቴይነር ማዘጋጀት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለምትሠሩ

ኮንቴይነር ፕሮግራምን ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ጋር የያዘ ጥቅል ነው፤ የሚነሣበት ፋይል ኢሜጅ ይባላል። ክላስተር ደግሞ በአንድነት የሚሠሩ ብዙ ሰርቨሮች ማለት ነው። ኢሜጁን ላፕቶፓችሁ ላይ አውርዳችሁ ወደ ክላስተሩ ለመጫን አትሞክሩ። የፓይቶርች (የማሽን ለርኒንግ ላይብረሪ) ኢሜጅ ብዙ ጊጋባይት ነው፤ መብራት ወይም ኔትወርክ መሃል ላይ ሲጠፋ ልፋቱ ገደል ይገባል። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ማሽን ጋር በሚያገናኘው ፕሮግራም) ገብታችሁ ትእዛዙን እዚያው ከሰጣችሁ ግን ፋይሉ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ይሄዳል፤ በኮምቦልቻው መስመር የሚያልፈው የምትተይቡት ጽሑፍ ብቻ ነው። እንደገባችሁ ቲመክስ ክፈቱ፤ መስመሩ ቢቋረጥም ሥራው ይቀጥላል። የመግቢያ ማሽኑ ከአንድ በላይ ከሆነ የትኛው ላይ እንደነበራችሁ ያዙ፤ ሌላው ላይ ቲመክሳችሁ አይታይም።

አብዛኛው ክላስተር ዶከርን (የታወቀውን የኮንቴይነር ፕሮግራም) አይፈቅድም፤ ዶከርን ማዘዝ የቻለ ሰው የሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ሥልጣን ያገኘ ያህል ነውና። የሚሠራበት አፕቴይነር ነው፤ እስከ 2021 (እ.ኤ.አ.) ሲንጉላሪቲ ይባል የነበረው። የዶከርን ኢሜጅ ወስዶ ሲፍ የሚባል አንድ ፋይል ያደርገዋል።

መጀመሪያ የካሽና የጊዜያዊ ፋይል ማውጫዎቹን (አፕቴይነር_ካሽዲር፣ አፕቴይነር_ትምፕዲር) ወደ ስክራች (ለጊዜያዊ ትልልቅ ፋይሎች የተመደበ ማውጫ) አዙሩ። ካለዚያ ካሹ (አውርዶ የሚያስቀምጠው ቅጂ) ሆም (የግል ማውጫችሁ) ውስጥ ይከማችና ኮታችሁን ይጨርሳል። «ቦታ የለም» የሚለው ስሕተት ሆም ባዶ እያለ ከመጣ የሞላው ብዙ ጊዜ ትምፕ (የማሽኑ ጊዜያዊ ማውጫ) ነው። ከዚያ «አፕቴይነር ፑል» በሉ፤ «ሌተስት» (የቅርቡ) ሳይሆን ትክክለኛውን የቨርዥን ታግ ጻፉ። ሌተስት ዛሬና ከሦስት ወር በኋላ አንድ ነገር አይደለም።

ተጨማሪ ፓኬጅ ካስፈለገ በዴፍ ፋይል (ኢሜጁ እንዴት እንደሚገነባ የሚጻፍበት)፣ «ፖስት» በሚለው ክፍል፣ ከነቨርዥኑ አስገቡና በ«ፌክሩት» (ያለ ሩት ሥልጣን ለመገንባት የሚያስችል አማራጭ) ገንቡ። በእጅ ገብቶ መጫን ይቀላል፤ ምን እንደተጫነ ግን ማንም አያስታውስም።

ሰው የሚያደናግረው ስሕተት እዚህ ነው። አፕቴይነር ሆማችሁን ሳትጠይቁት ያስገባል። ቀድሞ በ«ፒፕ ኢንስቶል ዩዘር» የጫናችሁት አሮጌ ነምፓይ (የፓይተን የስሌት ላይብረሪ) ሆም ውስጥ ካለና የፓይተኑ ቨርዥን ከገጠመ፣ የኮንቴይነሩን ነምፓይ ቀድሞ ይጫናል። ኮንቴይነሩ ጓደኛችሁ ጋ እየሠራ እናንተ ጋ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ለማጣራት ፓይተን ውስጥ የነምፓይን ፋይል አድራሻ አሳትሙ፤ በሆማችሁ ከጀመረ ተገኘ። መፍትሔው በዴፍ ፋይሉ «ኢንቫይሮንመንት» ክፍል ፓይተንኖዩዘርሳይትን 1 ማድረግ ነው።

ለጂፒዩ «ኤንቪ» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ፤ ስክራችን ደግሞ በ«ባይንድ» አስገቡ፣ አለዚያ ዳታው አይታይም። ኩዳ (ፕሮግራሞች በኤንቪዲያ ጂፒዩ የሚሠሩበት ሶፍትዌር) «የለም» ካለ ከመደንገጣችሁ በፊት የት ላይ እንደሞከራችሁ እዩ፤ የመግቢያ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ጂፒዩ የለውም፣ በ«ኤስረን» ትእዛዝ የጂፒዩ ኖድ (ጂፒዩ ያለው የክላስተሩ ማሽን) ጠይቃችሁ ፈትኑ። የጂፒዩው ድራይቨር የክላስተሩ ስለሆነ ኢሜጁን እንደገና መገንባት አይቀይረውም፤ ካረጀ ዝቅ ያለ ኩዳ ያለው ኢሜጅ ምረጡ።

ብዙ ክላስተሮች ስክራችን በየጊዜው ያጸዳሉ። ሲፉን ወደ ፕሮጀክት ማውጫ ቅዱት፤ ዴፍ ፋይሉ ጥቂት መስመር ስለሆነ ላፕቶፓችሁም ላይ ይኑር።