ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት የሆነበትን ፍላሽ በሊኑክስ እንዴት እንዳዳንኩት

እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም ሄዳ ስትመለስ ፍላሿ ውስጥ የነበረው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሆኗል። እያንዳንዱ 2 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። ያሳተመችበት ቤት «ጠፍቷል፣ ፎርማት አድርጊው» ብሏት ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። እንኳንም አላደረገችው።

አሮጌው ላፕቶፔ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም ነው የምጠቀመው፤ ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ነው። ፍላሹን ሰክቼ ስከፍተው ከሾርትከቶቹ መሃል ስም የሌለው አንድ ፎልደር ታየኝ። ከምስሉ ሥር ምንም አልተጻፈም። ውስጡ ስገባ ሥራዋ በሙሉ እንዳለ ተቀምጧል! ፎልደሩን ሾርትከት የሚያስመስለው ቫይረስ ፋይሉን አይሰርዘውም፤ የዊንዶውስን «የተደበቀ» ምልክት ይለጥፍበታል። ሊኑክስ ያንን ምልክት ስለማይከተል ሁሉንም ያሳያል። ሾርትከቶቹ የሚጠሩት ስክሪፕትም የዊንዶውስ ስለሆነ እዚህ አይነሳም። (የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳውን ዋይን የጫናችሁ ግን ሾርትከቱን አትንኩት።)

መጀመሪያ ፋይሎቿን ብቻ ወደ ላፕቶፑ ኮፒ አደረግኩ፤ ከት አላደረግኩም። ጽሑፉን በሊብሬኦፊስ ከፍቼ እስከ መጨረሻው ገጽ አየሁት። ዊንዶውስ ላይ ያለው የአማርኛ ፎንት ኒያላ ስለሌለኝ በሌላ ተተክቶ የገጾቹ አቆራረጥ ተዛንፏል፤ ፊደሉ ግን አንድም አልጎደለም። ስለዚህ ሴቭ ሳላደርግ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ነው ሚንት ይዞት በሚመጣው የፍላሽ ፎርማት ማድረጊያ በፋት32 አጽድቼ ፋይሎቹን የመለስኩላት።

የእሷ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ስለሆነ እሱንም በአንቲቫይረስ ፈተሽነው፤ ቫይረሱ እዚያም ካለ ፍላሹ በተሰካ ቁጥር እንደገና ይያዛል።